በእድር ወንበር የተሠራው አውሮፕላን

ሰልሚያ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። በዕድሜዋ የሄደችው ረጅሙ መንገድ ጅማ ድረስ ነው፤ እሱንም ግማሹን እያስመለሳት ነው የጨረሰችው። እንዲህም ሆኖ ባለፈው ግንቦት ወር ለሃያ ሁለት ቀናት ቡታጅራ በሚገኘው ግቢዋ አውሮፕላን አበረረች። መንገደኛዋ አንድ ብቻ ነበረች፤ የወንድሟ ልጅ ፈቲሀ፣ አምስት ዓመት ከመንፈቅ።

ወንድሟ ከማሉ ካናዳ ገብቶ ሥራ እንደያዘ ሚስቱን ወሰደ። የልጅቱ ወረቀት ከእናቷ ወረቀት ተነጥሎ ቀረ። “ቢዘገይ ሦስት ወር ነው” ተብሎ በአሥራ አንድ ወሯ ለአክስቷ የተሰጠች ሕፃን አራት ዓመት ተኩል ቆየች። ሰልሚያ እጅ ላይ ቆማ ሄደች፣ አፏን ፈታች፣ ኩፍኝ ወጣላት። እናትና አባቷን የምታውቃቸው በስልክ ነው። ትንሽ ሳለች ስልኩ ራሱ ስሙ “አባዬ” ይመስላት ነበር።

ሰልሚያ አልወለደችም። በሃያ ዓመቷ ቆሼ ከተማ ለአንድ በርበሬ ነጋዴ ተድራ ስድስት ዓመት ኖረች። ልጅ ሲጠፋ ሰውየው ሌላ አገባ፤ እሷም ልብሷን በፌስታል ይዛ ቡታጅራ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ናት።

በሥራዋ ስም አላት። መስከረም ላይ አዲስ የገቡ ልጆች የእናታቸውን ቀሚስ ጨምድደው ሲጮኹ ዳይሬክተሯ የምትጠራው እሷን ነው። ሰልሚያ ልጁን ትቀበልና በጆሮው የሆነ ነገር ሹክ ትለዋለች፤ በኪሷ የማይጠፋውን የቆርኪ መጫወቻ ታንሿሿለታለች። ልጁ ወደ ቆርኪው ዞር ሲል እናትየዋን በዓይኗ ወደ በሩ ትጠቁማታለች። “ሂጂ፣ እኔ አታልለዋለሁ።” ማታለል ስትል ማጫወቷ ነው። ቃሉ ሌላ ትርጉምም እንዳለው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

ሚያዝያ ላይ የፈቲሀ ቪዛ ወጣ። ሰልሚያ አልሐምዱሊላህ አለችና ጓዳ ገብታ ቁጭ አለች።

ልጅቷን ይዘው የሚሄዱት ጎረቤቷ እትዬ ውድነሽ እንዲሆኑ ተወሰነ። ቶሮንቶ ልጃቸው ጋ ሁለት ጊዜ ደርሰው መጥተዋል፤ መንገዱን ያውቁታል። በረራው ከመሀል ማረፊያው ጋር አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ፈቲሀ ደግሞ አዲስ አበባ ሲኬድ ገና እዚያው ቅርብ ያለችው ቡኢ ሳይደረስ “ደረስን?” የምትል ልጅ ናት። ከዚያ የባሰው ሌላ ነበር። ሰልሚያ ቆሼ ለቅሶ ሄዳ አንድ ሌሊት ስታድር ልጅቷ ትኩሳት እስኪይዛት አልቅሳለች።

እናቷ ከካናዳ በድምፅ መልእክት ምክር ላከች። በየሰዓቱ አዲስ ነገር ስጧት። ሲነሳና ሲያርፍ ጆሮዋ እንዳይደፈን ማስቲካ ታኝክ። ቅያሪ ልብስ እጃችሁ ላይ ይሁን። ጣፋጭ አታብዙ፤ ካርቱን ጫኑላት። ሰልሚያ አንዱንም አላጎደለችም። ከገበያ ትንንሽ ነገሮች ለቃቅማ ዘጠኝ ቦታ በጋዜጣ ጠቀለለች፦ የእጅ መስተዋት፣ ባለ ቀለም ክር፣ የሚዘል እንቁራሪት፣ ተለጣፊ አበባ። አንዱ ሲሰለቻት ሌላው ይፈታል።

የራሷን ደግሞ ጨመረች። ልጅ ያልለመደውን ነገር ነው የሚፈራው፤ ስለዚህ ይለማመድ አለች። የእድራቸው ንብረት ያዥ ጋሽ ባልቻ ዘንድ ሄደች።

“ወንበር ፈልጌ ነበር፣ ጋሽ ባልቻ።”

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። አውሮፕላን ልሠራ ነው።”

ባልቻ የመጋዘኑን ቁልፍ እንደያዘ አያት። “እድራችን ድንኳንና ድስት ነው ያለው፤ ክንፍ የለንም። ስንት ይበቃሻል?”

“ስድስት።”

“ለቅሶ ከመጣ ግን በረራሽ ይቋረጣል።”

እውነትም ሁለት ጊዜ ሰው ሞቶ በረራው ተሰረዘ። ከዚያ ውጪ ስድስቱ የፕላስቲክ ወንበሮች አቮካዶው ሥር ሁለት ሁለት ሆነው ተደረደሩ። ቀበቶው የሰልሚያ ሻሽ ነው። የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየው ባጃጅ ነጂ ሰይዶ ጠዋት ሲወጣ አይተዋቸውም።

“ረዳት፣ ወልቂጤ ታወርዳላችሁ?”

“ሞልቷል” ትላለች ፈቲሀ፣ ሰልሚያን ቀድማ።

“በትርፍስ?”

“ትርፍ አንጭንም።”

“ኧረ አንድ ሰው ነው፣ ቀጭን።”

“ባጃጅህ ላይ ውጣ” ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሰልሚያ ከጎኗ ተቀመጠች። አልሆነም። ልጅቷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቀበቶዋን ፈታ ጭኗ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ከኋላ ሄደች። ከኋላ ሆና ተረት ስታወራላት፣ አልፎ አልፎ ትከሻዋን በጣቷ መታ መታ ስታደርጋት ልጅቷ ረጋች። ፊቷን ካላየች ረጋ ትላለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰልሚያ ሕግ አወጣች፦ ዞሮ ያየ ሰው አውሮፕላኑን ወደ ቡታጅራ ይመልሰዋል። ፈቲሀ ስትዞር ሰልሚያ እንደ ረዳት “ቡታጅራ! ወራጅ!” ትላለች፤ በረራው እንደገና ከመነሻው ይጀመራል። የመጀመሪያው ቀን አሥር ጊዜ ተመለሱ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ልጅቷ አንገቷን ሳታዞር ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። ሰልሚያ በመዋዕለ ሕፃናቱ ይህን ያህል የቻለ ልጅ አይታ አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈቲሀ ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ ጠየቀች። “እውነተኛው አውሮፕላን ላይስ የት ነው የምትቀመጪው፣ ሰልሚዬ?”

“ከኋላሽ ነኝ።”

ሰልሚያ ይህን ውሸት አላለችውም። ሰው ሰውን ሲሸኝ ከኋላህ ነኝ ይላል፤ አንድ ቀን እከተልሃለሁ፣ እስከዚያም ልቤ ካንተ ጋር ነው ማለቱ ነው። ኢንሻአላህም ብላበታለች፣ በሆዷ። ልጅቷ ግን የሰማችው ወንበሩን ነው።

እትዬ ውድነሽ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። ሻንጣውን ሊያዩ የመጡ ዕለት ልጅቷ እስክትወጣ ጠብቀው፣ “ሰልሚያ፣ ይቺ ልጅ አብረሽን የምትሄጂ ነው እንዴ የሚመስላት?” አሉ።

“በሩ ላይ እነግራታለሁ።”

“በሩ ላይማ ጩኸት ነው። ዛሬ ንገሪያት፤ እዚሁ ቤቷ ታልቅስ፣ አንቺው አባብያት።”

“ትታመምብኛለች፣ እትዬ። ቆሼ የሄድኩ ጊዜ አይተዋል።”

“ያኔ ተመልሰሽ መጣሽ” አሉ ውድነሽ። ሰልሚያ ቅያሪ ልብሱን ሁለተኛ ጊዜ አጣጠፈች።

ቦሌ ሸኚ ከማይገባበት በር ላይ አንድ ወንድ ልጅ መሬት ተንጋሎ በእግሩ አየር ይራገጥ ነበር፤ አያቱ ናቸው መሰል አንዲት ሴት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆመዋል። ሰልሚያ ጎንበስ ብላ የፈቲሀን የጀርባ ቦርሳ አጠበቀች። ሕጉን አስታወሰቻት። “ሂጂ፣ ከኋላሽ ነኝ።” ልጅቷ የውድነሽን እጅ ይዛ ሄደች፤ አንገቷ ቀጥ ብሎ፣ አንዴም ሳትዞር። ሰልሚያ የተሰማት ኩራት ነው። በመልሱ ሚኒባስ አጠገቧ ለተቀመጠች ለማታውቃት ሴት ነገረቻት፤ ቡታጅራ ደርሳም ለሰይዶና ለባልቻ ደገመችው። “ጠብ አላላትም። አንድ እንባ እንኳ።” ዛሬ ከሁሉ ይልቅ ማስታወስ የማትወደው ያቺን ኩራቷን ነው።

እትዬ ውድነሽ በአራተኛው ቀን ደወሉ።

“እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው እያልኩ ነበር የሄድኩት” አሉ። “ማስቲካዋን አኘከች። ያንን የጋዜጣ ጥቅልል በየተራ እየፈታች ተጫወተች። እኔም አሸለብኩ። ሁለተኛው ምግብ ሲመጣ ቀሰቀሰችኝና ‘ሰልሚዬ በላች?’ አለችኝ። የቷ ሰልሚያ ብላት በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ አሳየችኝ። ሳትዞር። ከኋላችን አንድ ወፍራም ሰውዬ ተኮፋፍኖ ተኝቷል።”

ሰልሚያ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች። “ምን አሏት?”

“ምን ልበላት? ሰልሚያ ቡታጅራ ናት አልኳት። ያን ጊዜ ዞረች። አየችው ሰውየውን። አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ እንደገና ዞረች። ተቀመጠች፣ ዞረች፣ ተቀመጠች፣ ዞረች። ሰውየው ነቅቶ አስቀምጡልኝ አለ። ምን እያደረግሽ ነው፣ የኔ እናት ብላት፣ ‘አውሮፕላኑን እየመለስኩት ነው’ አለችኝ።”

“እስከ መቼ?”

“እንቅልፍ እስኪጥላት። ስትነቃ ደግሞ ቀጠለች። እኔ የጨዋታውን ነገር የት አውቄ፤ በእመቤቴ፣ ልጅቷ አመማት ብዬ ነበር።”

“አለቀሰች?”

“ስናርፍ። በመስኮቱ አየችና ቡታጅራ ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኳት። ያኔ አለቀሰች።”

ከዚያ በኋላ ፈቲሀ ስልክ ላይ አልመጣም አለች። ከማሉ ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ይደውላል፤ ሰልሚያ የልጅቱን ሩጫ ትሰማለች፣ በር ሲዘጋ ትሰማለች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከእናቷም ተስማምታለች ይላል። “አንቺን ብቻ ነው። ስምሽ ሲጠራ ትወጣለች።” ሰባት ዓርብ እንዲህ አለፈ። ሰልሚያ በመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራዋን ትሠራለች፤ ግን ቆርኪውን ለማንሿሿት እጇ ቀዘቀዘ፣ ባልደረቦቿም አይተውታል።

ከማሉ መላ አመጣ። “ቪዛ እየጠበቅሁ ነው፣ በቅርብ እመጣለሁ በያት። አሁኑኑ ሮጣ ነው የምትመጣው።”

“አልመጣማ።”

“እሱን ማን አየው፣ ሰልሚ? ልጅ ናት። እስክትለምድ ነው።”

እውነቱን ነው፤ ትመጣ ነበር። ሰልሚያ ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች፤ ሞያዋ ነው። ቃሉን አዘጋጅታም ነበር። ሁለት ዓርብ ምላሷ ጫፍ ላይ አድርጋው አደረች፤ የልጅቷን ድምፅ ለመስማት ሌላ መንገድ አልታያትም። በሦስተኛው ከማሉን፣ “ስልኩን ክፍት አድርገህ አጠገቧ አስቀምጠው፣ እኔ ነኝ የማወራው” አለችው።

“እንዳታስለቅሺብኝ።”

“አስለቅሼያታለሁ እኮ፣ ከማሉ። ስታለቅስ አላየኋት እንጂ።”

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ከበስተጀርባው ቴሌቪዥን በማታውቀው ቋንቋ ይስቃል።

“ፈቲሀ፣ እኔ ነኝ። አውሮፕላኑ ላይ አልነበርኩም። እንደማልኖርም አውቅ ነበር። ወንበሩን ሳንደረድር ጀምሮ አውቅ ነበር። ዋሽቼሽ ነው።”

ቴሌቪዥኑ መሳቁን ቀጠለ።

“ስለዞርሽም አይመለስም። አውሮፕላን እንደዚያ አይደለም። እኔ ነኝ ከራሴ ያወጣሁት።”

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ። “አሁንስ ትመጫለሽ?” አለች ልጅቷ።

እዚያ ላይ ኢንሻአላህ ማለት ቀላል ነበር። “አልመጣም። ወረቀት የለኝም።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንዳታለቅሺ ብዬ።”

“አለቀስኩ እኮ።”

“ነግረውኛል። ይቅር በይኝ።”

ፈቲሀ ይቅር አላለችም፤ እምቢም አላለችም። ስልኩን ለአባቷ አቀበለችው። ከማሉ “ምን ብዬሽ ነበር?” ብሎ ዘጋ።

የሚቀጥለው ዓርብ አልመጣችም። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰልሚያ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ታፍኗል፤ ከማሉን እያወራችው ሳለ ሌላ ትንፋሽ ስልኩ ላይ ሰማች።

“ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው?”

“ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ ፈቲሀ።”

“ወላሂ በይ።”

“ወላሂ።”

“እሺ” አለችና ስለ ትምህርት ቤቷ አንድ ሁለት ነገር ተናገረች።

ሰልሚያ ዛሬም ዓርብ ዓርብ ትጠብቃለች። ልጅቷ አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ አትመጣም። ስትመጣ ታወራለች፤ ትስቃለችም። ግን ሰልሚያ ዝናብ ዘነበ ብትል፣ ምሳ በላሁ ብትል፣ እወድሻለሁ ብትል፣ ልጅቷ መጀመሪያ ወላሂ ታስብላታለች፤ ሰልሚያም ትላለች።