ሰንበትን የሻረው ጎማ

ጎረቤቴ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ «መሬት ሊሰጡን ነው!» ስትለኝ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ከነአረፋዬ ተነሣሁ። ጎንደር ሳለን የሰው መሬት ስናርስ የኖርን ነን። አማቼም እስራኤል መጥተን ቂርያት ጋት ከገባን ጀምሮ ከአልጋቸው የሚወርዱት ለጸሎት ብቻ ነበር። ይህን ሲሰሙ ግን ጫማቸውን ጠየቁ።

መሬቱ ከሕንፃችን ጀርባ ነው። አማቼ በእርምጃ ለኩትና፣ «በሬዎቹ የት ይዞራሉ?» አሉ።

እርሻ የሚያስተምረን መድሪኽ ጥቁር ጎማ ዘረጋልን። ጎማው ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ በየቃሪያ ችግኙ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ቧንቧውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሰዓት ነው።

«ቅዳሜም?» አሉ አማቼ በአስተርጓሚ።

«ቅዳሜም። እናንተ ትጸልያላችሁ፣ እሱ ያጠጣል።»

«የማን ዘር ነው እሱ?»

መድሪኹ ሳቀ፤ ግን አስጠነቀቀን፦ ቃሪያው ያልጸደቀለት ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

እኔ ሰንበት የምፈራ ሴት ነኝ። በእኛ መሬት ላይ ሰንበት ሲሻር እንዴት ዝም ልበል? ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሮጌ ነጠላዬን ተልትዬ ቀዳዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠፍሬ አሰርኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ለብሰን ወደ ጸሎት ስንወጣ ሰዓቱ ውሃውን ለቀቀ። ጎማው እንደ ዘንዶ አበጠና የጫፉ ውታፍ ተስፈንጥሮ ሄደ። ሽማግሎቹ ከራስ እስከ እግራቸው ታጠቡ።

«ኧረ ዝጉት!»

«በሰንበት? አንተ ዝጋው!»

«እኔማ አልነካም፣ ቆሜ አያለሁ እንጂ!»

ማንም ቧንቧውን ሳይነካ፣ ውሃው በገዛ ሰዓቱ እስኪቆም ቆመን አየነው። ቃሪያችን ዋኘ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ አማቼ አልጋቸው ላይ የሉም። ወርጄ ባይ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ እንደ አገራችን ለጎርፉ መውረጃ ፈሰስ እየቀደዱ፣ ችግኙን ከፍ ባለ መደብ ላይ መልሰው ይተክላሉ።

«ጎማውን አየሽው ልጄ? ሰንበትን ሻረ፣ ፈጣሪ አፈነዳው!»

«አየሁ አባባ።» ጭቃ የሸፈነውን ጨርቅ ከኋላቸው እየፈታሁ በጉያዬ ደበቅሁ።

መድሪኹ መጥቶ ፈሰሱን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ይህን ማን አስተማረዎት?» አላቸው።

«ጎርፍ» አሉት።

ቃሪያው ጸደቀ፤ ቦታውንም ማንም አልወሰደባቸውም። እንዲያውም በየጎረቤቱ መደብ ፈሰስ ሲያስቀድዱ ከረሙ፤ አልጋውንም ረሱት።

ዛሬም ያንን ተአምር ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርካሉ። ያን ጠዋት እዚያ የነበራችሁ፣ ከመካከላችሁ ነጠላዬን ያወቃችሁ አትጠፉም። እኔ ከፈጣሪዬ ጋር እጨርሰዋለሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ይህን የጻፍኩትን ይዘው «እስቲ አንብቡልኝ» ካሏችሁ፣ እባካችሁ ይቺን ገጽ ዝለሉልኝ።