ያልነካሁት ኮለን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ለማያውቀኝ አንባቢ መናገር ስለሚቀል ከሆነ፣ እሱም አንዱ ፈሪነቴ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ምድር ቤቱ ሱቅ የሆነ አንድ ያረጀ ፎቅ ነበር። ኮለን የምንላቸው የኮንክሪት ምሰሶዎቹ መሰነጣጠቅ ስለ ጀመሩ መሐንዲስ እንዲመረምራቸው ተጠራ። ረዳቱ እኔ ነበርሁ። ሥራዬ ልስኑን ልጬ፣ ሲመታ የጥንካሬ ቁጥር በሚያሳይ መዶሻ እያንዳንዱን ኮለን በብዙ ቦታ መምታትና ቁጥሩን መጻፍ ነው።

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዘውዴ ሱቅ ገብቼ፣ ኮለኑን የሸፈነውን የጨርቅ ክምር እንዲያነሱልኝ ጠየቅኋቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ በር አጥተህ ነው ምሰሶ የምታንኳኳው?»

«ማን ሊከፍትለት ነው?» አለች አንዷ ደንበኛ። ሁሉም ሳቁ።

እኔ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ ብዬ ራሴን ከመዶሻው በላይ የሰቀልሁ ሰው ነበርሁ። ሳቃቸው አጥንቴ ድረስ ገባ። ትቼ ወጣሁ።

ሳላይ ብወጣ ምን ነበረበት? ግን አየሁ። ከክምሩ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ከስንጥቁም የወረደ የዝገት ቀለም ነበር። ውስጥ ያለው ብረት ሲዝግ እያበጠ ኮንክሪቱን እንደሚያፈርሰው መሐንዲሱ በዚያው ጠዋት አስረድቶኛል። አየሁ። አወቅሁ። ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ የዚያን ኮለን ቁጥሮች ፈጠርሁ። እኩል እንዳይሆኑ ተጠነቀቅሁ፤ እውነተኛ ልኬት ወጣ ገባ ነውና። ከጻፍሁት ሁሉ ሰው ከልቡ የተቀበለልኝ ያን ብቻ ነው። መሐንዲሱ አምኖኝ ፈረመ።

በክረምቱ ኮለኑ ተሰበረ። የሱቁ ጣሪያ ከፊሉ እትዬ ዘውዴ ላይ ወረደ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ተቆረጠ። የልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ።

ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድሁ። ለጎረቤቶቻቸው፣ «ይኸ ልጅ እኮ መርምሮት ነበር» አሉ። «እግዜር ያመጣውን እሱ ምን ያድርግ? እኔ ነኝ እንጂ የቀለድሁበት።»

ከዚያ ቁራሽ ዳቦ ዘረጉልኝ።

«በግራዬ ስሰጥህ አትቀየመኝ፣ ልጄ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ተቀብዬ በላሁ። እግዜር ሲወነጀል እኔ አኘክሁ።

ወጣት ነበርሁ አልልም፤ ተሳቀብኝም አልልም። ይቅርታም አልጠይቃቸውም፤ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁና።