ስፔናዊው ተዋናይና የግምጃ ቤቱ ድንጋይ

«በስልክ ተቀድቶልኝ እየሰማሁ ካጠናሁት ምን ይጎድላል? ግምጃ ቤት ከተማ ሦስት ሳምንት ምን ላደርግ ነው የምሄደው?» አለችኝ ትዕግስት። ስትጠይቀኝ ይህ ሦስተኛዋ ነበር። በአዲሱ ተውኔታችን አዊኛ ተናጋሪ እናት ሆና እንድትጫወት የመረጥኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን እንጅባራ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ከአማርኛ ሌላ የማታውቅ ልጅ ናት። ካልሄደች ሚናውን ለሌላ እንደምሰጥ ነገርኋት።

«አንተ ጋሼ መባል ከጀመርህ ወዲህ ከፍተሃል» አለች። ገና ሠላሳ ዓመቴ ነው። ተቀመጪ ብዬ፣ ለማንም ማውራት የማልወደውን ነገር አወራኋት።

ዳንግላ ሳድግ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የሚያውቀኝ የጋሽ ሞላ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጋሽ ሞላ ፊልሙን መሃል ላይ አቁሞ ስለ ተዋንያን ማውራት ይወዳል። ከሁሉ የሚያስበልጠው አንድ ስፔናዊ ነበረው፤ ስሙን ከአፉ እየሰማሁ ግጥም በምሞነጭርበት ደብተሬ አራት ዓይነት አድርጌ ጽፌዋለሁ። ሰውየው ከአገር አገር በሚዞር የቲያትር ቡድን መጋረጃ ሳቢ ሆኖ ጀመረ። በሃያ ዓመቱ ሽማግሌ ሆኖ ተጫወተ። አርባ እስኪሞላው ካሜራ አላየውም፤ ፊልም ካወቀው በኋላም በየዓመቱ ወደ መድረክ ይመለስ ነበር። ጋሽ ሞላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጨርሰው ግን በዚህ ነው፦ ስሙን ያስጠራውን የዓሣ አጥማጅ ሚና የተጫወተው በማይችለው ቋንቋ፣ በጆሮው ብቻ አጥንቶ ነው።

እኔም የማውቀው አማርኛ ብቻ ነበር። ያ ወሬ በማላውቀው ቋንቋ ለመጫወት ፈቃድ ሆነኝ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከአማተር ቡድን ጋር ግምጃ ቤት ሄድን። ጥር ነው፤ የገበያ ቀን። ከሜዳው ዳር ጋሪዎች ተደርድረው ፈረሶቹ ገለባ ያኝካሉ። ቅቅል ድንች በዳጣ በልተን ጀመርን። እኔ የገዳይ አባት ነኝ፤ በደም የተፈላለጉ ሰዎች ሲታረቁ እንደሚደረገው ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ፣ ተንበርክኬ ይቅርታ እለምናለሁ። ልመናውን በአዊኛ ቃል በቃል ሸምድጄዋለሁ። ስናገር ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ያን ጊዜ ከፊት መስመር አያ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ለእሳቸው፣ በተውኔትም ቢሆን፣ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሳይጠየቅ አይነሣም። በበትራቸው ተደግፈው በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ። አልገባኝም። የመጨረሻዋን መስመሬን ደገምሁላቸው። እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገና ደገምሁ። አንድ ሰው ሳቀ።

አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ሹክ አለኝ። የጠየቁኝ «የሟች እናት እንዴት ሰነበተች?» ብለው ኖሯል። እኔ ሁለቴ የመለስሁት «ድንጋዩ ከበደኝ» ብዬ ነው።

ቀርበው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አነሡልኝ። «ልጄ፣ አፍስ አለህ» አሉኝ በአማርኛ። «የጎደለህ ጆሮ ነው።»

ቡድኑ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። በማግስቱ ደጃቸው ቆሜ እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። ድንች ቆፍር አሉኝ። ሁለት ወር ቆፈርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የለየሁት ስድብ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚሰድቡት በሬውን ይሁን እኔን እርግጠኛ አልነበርሁም። በሁለተኛው ወር ለቅሶ ቤት ወሰዱኝ፤ አንዲት እናት የልጇን ነገር እያነሣች ስታለቅስ ማንም ሳይተረጉምልኝ ሰማሁ። እጄ ላይ ያለው ጭቃ እስኪደርቅ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም።

የስፔናዊውን ታሪክ ሙሉውን ያነበብሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ሚና ከመጫወቱ በፊት መንፈቅ ያህል ከአጥማጆቹ ጋር መረብ ሲስብ ከርሟል። ጋሽ ሞላ ይህን ዘለለው፤ አልፈርድበትም፤ መረብ መሳብ ለቪዲዮ ቤት ወሬ አይመችም። ለሚነሣ ተመልካች የሚመልሰውን ግን ሰውየው ያገኘው እዚያ ይመስለኛል።

ትዕግስት የተውኔቱን ጽሑፍ አጠፈች። «እኔን ማንም ተነሥቶ ባይጠይቀኝስ?»

«አንቺ ግን መልሱ ይኑርሽ።»

ቦርሳዋን አነሣች። «ነገ እሄዳለሁ» አለች። «እንዳትሸኘኝ ብቻ፤ መንገዱን ሁሉ ስትመክረኝ ልትውል ነው።»

ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።