ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ የበቀለው ስንዴ

ግቢያችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የልብስ ማስጫው ነው። ከካዛንቺስ አስፋልት ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ነበር። ትልቁ ቤት የአከራያችን ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸውን የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። በሩ አጠገብ ያለው ቤት ደግሞ ከስልጤ የመጣ ባለሱቅ ከነቤተሰቡ የሚኖርበት ነው፤ ሱቁ ወደ መንገድ፣ መኖሪያው ወደ ግቢ ይከፈታል። ከኋላ ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየሁት እኔ ነኝ።

ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። በአንድ የምርምር መሥሪያ ቤት ጀማሪ የአፈር ተመራማሪ ነበርኩ፤ ጎን ለጎን ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ልጅ እያለሁ የምመኘው ሕክምና ነበር፤ የማትሪክ ውጤቴ ግን ግብርና ኮሌጅ መደበኝ። የመጀመሪያውን ዓመት እያኮረፍኩ ነው የተማርኩት። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ መምህር የበቆሎ ቅጠል ይዞ ገባና፣ «ይህ ተክል ታሟል፤ ምን እንደጎደለው ንገሩኝ» አለን። ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ወይን ጠጅ መልክ ይዟል። የጎደለው ፎስፈረስ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕክምና ቀረብኝ ብዬ አላውቅም።

ለመመረቂያዬ የመረጥኩት ከአርሲ የስንዴ ማሳዎች የመጣ አፈር ነው። ገበሬዎቹ ማዳበሪያ እየጨመሩ ምርቱ አልጨምር ብሏቸዋል፤ ምክንያቱን መፈለግ ነበረብኝ። ዘዴው ቀላል ነው። ያንኑ አፈር በየዕቃው ሞልቶ ስንዴ መዝራት። ለአንዱ ዕቃ ተክሉ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ሁሉ ይሰጠዋል። ለሌሎቹ አንድ አንድ ይቀነስባቸዋል፤ ለአንዱ ናይትሮጅን፣ ለአንዱ ፎስፈረስ፣ ለአንዱ ድኝ፣ ለአንዱ ዚንክ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ ተክሉ ምን እንደራበው በቅጠሉ ይናገራል። ችግሩ ቦታ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን የመስታወት ቤት ጣሪያው ተሰብሮ ለጥገና ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው የለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደምንም ብዬ አከራዬ ቤት ገባሁ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ተናገሪ እንጂ።»

«የልብስ ማስጫውን ቦታ ለጥቂት ሳምንት ቢሰጡኝ።»

«ምን ልታሰጪበት?»

«ስንዴ ልዘራበት ነው።»

«ስንዴ? እዚህ ካዛንቺስ?»

«በጣሳ ነው እማማ፤ ለትምህርቴ ነው።»

ሳቃቸውን ለቀቁት። «እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነች ብዬ ነው ያከራየሁሽ፤ ለካ ገበሬ ነው ያስገባሁት!» አሉና ተነሥተው ወጡ። የልብስ ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈተው ጥላው ወዳለበት ግድግዳ አዞሩት። ከዚያን ቀን በኋላ የግቢው ልብስ ሁሉ ሳይደርቅ ያድር ጀመር፤ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም።

ባለሱቁ ነገሩን ሲሰማ፣ «ጣሳውን ለእኔ ተይው» አለኝ። መርካቶ የሚያውቀው ቆርቆሮ ሠሪ ነበረው፤ ሁሉንም አንድ ልክ አድርጎ አሠርቶልኝ መጣ። የሱቁን ሚዛንም ጠዋት ጠዋት ያውሰኛል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጣሳ ተመዝኖ የቀለለውን ያህል ውሃ መጨመር አለበት። ውሃውም የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለበት፤ ያን ካጠጣሁት የቀነስኩትን መልሼ መስጠቴ ነው። ስለዚህ ከላብራቶሪ የተጣራ ውሃ በቢጫ ጄሪካን እየሞላሁ በታክሲ አመላልሳለሁ።

አንድ ቀን ወያላው ጄሪካኑን አይቶ፣ «እህት፣ ጸበሉን ሰው እንዳይረግጠው ወደ ጥግ አድርጊው» አለ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወዲያው ዞር አሉ። «ከየት ነው ልጄ? ትንሽ ለእጄ ጣል ብታደርጊልኝ።»

«ጸበል እኮ አይደለም እናቴ፤ የላብራቶሪ ውሃ ነው።»

«ለምንሽ ነው?»

«ለስንዴ።»

ወያላው አላለፈኝም። «ለስንዴ! በቃ፣ እኛ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሰነበተ፤ ስንዴው ታክሲ ይዞለት ይመጣል!» ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እናትየዋ ግን ሲወርዱ ጄሪካኑን በእጃቸው ነክተው፣ «ያም ሆነ ይህ፣ ይባረክልሽ» ብለውኝ ሄዱ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ስንዴው በቀለ፣ አማረም፤ ነገር ግን ዚንክ የቀነስኩበት ጣሳ ከሌሎቹ ሁሉ ደህና ሆኖ አረፈው። ሌሎቹም የሚሰጡት ምልክት እርስ በርሱ አይገጥምም። አማካሪዬ ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ግራ ቢገባኝ ግቢ ድረስ ይዣቸው መጣሁ። ጎንበስ ብለው ተክሉን ከማየት ይልቅ ጣሳውን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይህ ቆርቆሮ እንዳይዝግ በምን የተለበጠ ይመስልሻል?»

ጣሳዎቹ የተሠሩት ከቤት ክዳን ቆርቆሮ ነበር። የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚለበጠው በዚንክ ነው። ዕቃው ራሱ ተክሉን ሲመግበው ከርሟል።

«ዶክተር፣ እንዴት አላሰብኩትም?»

«እኔስ? ዕቅድሽን ያነበብኩት እኔ አይደለሁ?» አሉ። «ሁለታችንም ተማርን። ላስቲክ ዕቃ ፈልጊና እንደገና ጀምሪ።»

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። ድካሙ አይደለም ያስለቀሰኝ፤ ያንን ፀሐይ ለሌላ ጊዜ እንዴት ብዬ እለምናለሁ የሚለው ነው። አከራዬ ከቤት ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ዘር አለሽ?»

«አለኝ።»

«አፈሩስ አልቋል?»

«አላለቀም።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል? ልብሱ እንደሆን እዚያ ጥግ መድረቅ ለምዷል።»

ባለሱቁ ደግሞ ጣሳውን እሱ ስላሠራው ከእኔ በላይ ተከፋ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ብነግረውም አልሰማኝ አለ። በማግስቱ ከሱቁ የላስቲክ ባልዲዎች ተሸክሞ መጣ። አረፋ ሲቃረብም የበዓል በጉን ግቢ አላስገባም፤ ወሎ ሰፈር ዘመዱ ቤት አሳድሮ ያመጣው በበዓሉ ጠዋት ነው። «በግና ስንዴ አንድ ግቢ አያድሩም» ነበር ያለኝ።

ሁለተኛው ሙከራ በቅሎ ደህና መያዝ ሲጀምር፣ ከመሥሪያ ቤት የመስክ ትእዛዝ መጣ። ዝናብ ሳይገባ አርሲ ሄጄ ተጨማሪ አፈር መሰብሰብ ነበረብኝ፤ እምቢ ማለት አይቻልም። አከራዬ ሳልጠይቃቸው፣ «አሳዪኝ» አሉ። አመዛዘኑን፣ የውሃውን ልክ አሳየኋቸው። ባልዲዎቹ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው ምን እንደጎደለው አልነገርኳቸውም። ነግሬያቸው ቢሆን ዓይናቸው የሚፈልገውን ያያል ብዬ ነው። ሱቁ ውስጥ ስልክ አለ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እንድደውል ተስማማን።

ያረፍንበት የአርሲ ከተማ ትንሽ ናት። ከማሳ ስንመለስ ጭቃዬን እንኳ ሳላራግፍ ስልክ ቤት ሄጄ ወረፋ እይዛለሁ። መስመሩ ሲገኝ አከራዬ ገና ድምፄን ሳይሰሙ፣ «ሃሎ፣ ካዛንቺስ ነው፣ ይናገሩ!» ይላሉ፤ ያ የድሮ የሥራ ድምፃቸው ነው። ከዚያ ቁጥር በቁጥር ክብደቱን ያነቡልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ክብደቱን ከጨረሱ በኋላ ስልኩን አልዘጉም።

«እማማ? አሉ?»

«አለሁ። ስድስት ቁጥር መልኩ ልክ አይደለም።»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ቢጫ እየሆነ ነው። እንደ ገረጣ ሰው።»

ስድስት ቁጥር ድኝ የተቀነሰበት ነው። ከመካከላችን በዚያ አፈር ላይ ድኝ ይጎድላል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

«እማማ፣ ቢጫ የሆነው የቱ ቅጠል ነው? የታችኛው ነው ወይስ የላይኛው?»

«ቆይ፣ ሄጄ ልየው።» ሲሄዱ ኮቴያቸው ይሰማኛል። መሀል ላይ የስልክ ማዕከሏ ኦፕሬተር መስመሩ ላይ ገብታ፣ «ጨርሳችኋል?» አለች። ልመልስ ስል አከራዬ ደርሰው ተቀበሏት። «እህቴ፣ እኔም በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት። እባክሽ መስመሩን እንዳትቆርጪው፤ ልጅቷ የመንግሥት ሥራ ላይ ነች።» ኦፕሬተሯ፣ «እሺ እናቴ» ብላ ወጣችልን።

«የላይኛው ነው» አሉኝ። «አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነው ቢጫ የሆነው። ታች ያለው ደህና አረንጓዴ ነው።»

ናይትሮጅን ቢሆን ኖሮ ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ይጀምር ነበር። ድኝ ሲጎድል ግን አዲሱ ቅጠል ነው የሚገረጣው። እርግጠኛ ለመሆን ብዬ፣ «ሌላ ሰው ደግሞ ይይልኝ» አልኳቸው። የባለሱቁን ሚስት ጠሯት፤ እሷም አይታ ያንኑ ነገረችኝ። የማዕከሏም ኦፕሬተር ስትሰማ ቆይታ ኖሮ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ መሰለኝ፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያች ሳጥን መሰል የስልክ ክፍል ስወጣ ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ለማን ነው ልጅ የተወለደለት ብለው ጠየቁኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ በዓይኔ አየሁት። ቅጠሉን አድርቀን ላብራቶሪ አስገባነው፤ ውጤቱም ያንኑ አለ።

መመረቂያዬን ባቀረብኩ ዕለት አከራዬና ባለሱቁ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እሳቸው ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ እሱ የሠርጉን ኮት። ከፈታኞቹ አንዱ ኮስተር ብሎ፣ «አርሲ በነበርሽበት ጊዜ ተክሉን የተከታተለው የትኛው ቴክኒሻን ነው?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት አከራዬ ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

ፈታኞቹ ወደ ኋላ ዞሩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ሚዛኑ ደግሞ የእሱ ነው» ብለው ባለሱቁን አመለከቱ። ባለሱቁ ላቡ ችፍ ብሎ፣ «ሚዛኑ በመንግሥት የተረጋገጠ ነው» አለ። ፈታኙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አማካሪዬ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ የተጠየቅኩት ጥያቄ ሁሉ ቀላል ሆነልኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሥራ ሕይወቴ ረጅም ነው፤ አብዛኛውም ተመሳሳይ ነው። አፈር መቆፈር፣ ማድረቅ፣ መንፋት፣ መመዘን። በየወረዳው ዞሬያለሁ፤ ብዙ ወጣቶች አስተምሬያለሁ። ለዓመታት ለገበሬው የሚታደለው ማዳበሪያ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ድኝ ያለበት ማዳበሪያ መጣ። ያ የብዙ ሰዎች ሥራ ውጤት ነው፤ የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት። ትንሽም ብትሆን ግን እወዳታለሁ።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ግቢው ለልማት ፈረሰ። አከራዬ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ ባለሱቁ መስቀል ፍላወር አካባቢ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ ያኔ አግብቼ ወጥቻለሁ። አልተለያየንም። አንድ የመስከረም ማብቂያ ላይ ሁለቱንም በመኪናዬ አርሲ ወሰድኳቸው። አንድ ገበሬ ማሳውን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በድሮው ማዳበሪያ፣ ግማሹን ድኝ ባለበት ዘርቶ ነበር። መሀል ላይ ያለው ወሰን ከመንገድ ይታያል፤ አንዱ ወገን ሳሳ ብሎ ገርጥቷል፣ ሌላው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ነፋስ ያስተኛዋል።

አከራዬ ዱላቸውን ተደግፈው ዳር ላይ ቆሙ። ገበሬው ይህን ማሳ ሊተወው ደርሶ እንደነበር፣ ልጆቹም ከተማ ካልገባን ብለውት እንደነበር ነገራቸው። እሳቸው ስንት ልጅ እንዳለው፣ የትኛው እንደሚማር፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበር ጠየቁት። የገበሬው ሚስት እርጎ በትልቅ ኩባያ አመጣችልን። ባለሱቁ ማሳው ውስጥ ገብቶ ዛላውን በመዳፉ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ።

ስንመለስ ሁለቱም መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጎተራ ስንደርስ አከራዬን ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን ቀስ እያልን ወጣን። በራቸው ላይ ቆም ብለው፣ «ደህና ሰው ነው ገበሬው» አሉኝ፤ «በሚቀጥለው ስትሄጂ ለሚስቱ ስኳር እልክላታለሁ።» እሺ አልኳቸው፤ ስኳሩንም አደረስኩላት።