የቅዳሜ ማታ ኪኒን

የቄስ ሚስት ቁርባን ስትተው አገር ምክንያቱን ይጠይቃል። ኧረ አይጠይቅም፤ ራሱ ይመልሳል፤ "በባሏ ላይ ማግጣ ነው" ይላል። በእኛ ደብር ምላሳቸው ጤፍ የሚቆላ ሴቶች ስላሉ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

እኔ በተክሊል ካገባኝ ባሌ በቀር ወንድ አላውቅም። ሦስተኛ ልጄን አርግዤ ስመረመር ግን ኤች አይ ቪ በደሜ ተገኘ። ልጁ ነጻ ሆኖ ተወለደልኝ። ባሌ የነገርኩት ቀን እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ለሥራ ደሴ በሰነበተ ጊዜ ስቶ ኖሯል። ይህ ከተሰማ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ልጆቼም የፈረሰ ቄስ ልጆች ተብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ይቅር አላልኩትም፤ ዛሬም ሲቀድስ ድምፁን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እሱ ጠበሉ ይበቃኛል ብሎ መድኃኒት አልጀመረም።

በከተማችን በመካነ ሰላም የማያውቀኝ ስለሌለ መድኃኒቴን የማመጣው ከአቀስታ ነው። ለአማቴ "እህቴን ልጠይቅ" ብዬ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ቀን ቤታችን ሰው አያጣም፤ የምውጠው አማቴና ልጆቹ ሲተኙ ብቻ ነው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እሑድ የሚቆርብ ሰው ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ኪኒኑን ብውጥ ጾሜን ሻርኩ፤ ሳልቆርብ ብቀር የሰው ወሬ ሆንኩ። እግዜርን አታልዬ ከምቆርብ ኪኒኑን መተው ቀለለኝ። ቅዳሜ ማታ ተውኩ፤ የማርያም ዋዜማ ተውኩ፤ የሚካኤልም እንዲሁ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም አቀስታ ስሄድ ነርሷ ውጤቴን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

"እህቴ፣ መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም። ታቋርጫለሽ እንዴ?"

"ኧረ በጭራሽ!" አልኳት።

"አብሽሪ፣ እንቀይርልሻለን። ይህንንም ካቋረጥሽ ግን የምንሰጥሽ አይኖርም።"

ቤት ገብቼ ለባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ መተዌን ሳይቀር ነገርኩት። "እንግዲህ አንቱ ይፍረዱ። ወይ ቁርባኑን ልተው፣ ወይ ልሙት" አልኩት። "ተዪው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እናገራለሁ" ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። በእውነት ጠበቅኩ።

"እስከ ፋሲካ ብቻ ታገሺ" አለኝ። "በፋሲካ ካልቆረብሽ ሰው ምን ይላል?"

የትንሣኤ ዋዜማ አዲሱን ኪኒን ሳልውጥ ቀረሁ። ከሕዝቡ ጋር ተሰልፌ ቆረብኩ። ሥጋውን ያቀበለኝ ባሌ ነው።