ነገሳ ያላለው ቃል

አካሉ ዘበኛ ነው። ጦሩ እንጦጦ ላይ ከሰፈረ ጀምሮ የባሩድ ቤቱን የግቢ በር የሚጠብቀው እሱ ነው። በዚያ ክረምት ግን ዘብ መቆም ነፍስን በእጅ ይዞ መቆም ሆነ። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሰዎች፣ እንጨት ሻጭ መስለው፣ ለማኝ መስለው እየገቡ የተኛ ወታደር ያርዱ፣ ድንኳን ያቃጥሉ ጀመር። አለቃው ወልደ ኢየሱስ፣ «አንድ ሰው ሳይፈተሽ ቢገባ፣ አንገታችሁን!» ብሎ ማለ።

አብሮት የሚጠብቀው ነገሳ ነው፤ የሚስቱ የዲንቄ ታናሽ ወንድም፣ የየካ ልጅ። ዲንቄ ከእናት ከአባቷ የቀራት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ «አደራህን» ብላ በእጁ ሰጥታዋለች። ነገሳ ከመንገዱ በላይ ቋጥኝ ላይ ሆኖ መጪውን ከኋላ ያያል፤ አካሉ በሩ ላይ ሆኖ ከፊት ይይዛል።

ነገሳ አማርኛን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። አካሉ ግን የሚስቱን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቅም። «እባክህ፣ ጥቂት እንኳ ልመድ» ስትለው፣ «አንቺ የኔን ታውቂ የለ? ለአንድ ጎጆ ሁለት አፍ ምን ያደርጋል!» እያለ ይስቅ ነበር። አይ አካሉ! ምነው ሳቁ በቀረብህ።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ረፋዱን። ጉሙ ኮረብታውን ውጦታል። አንድ ሰው እንጨት ተሸክሞ ከጉሙ ብቅ አለ። አካሉ «ቁም!» ብሎ ሊፈትሸው ጠጋ ሲል፣ ነገሳ ከላይ ሆኖ ከሸክሙ ኋላ ጭስ ሲወጣ አየ። ሰውየው እንጨቱ መሃል ፍም በገል ሸሽጎ ኖሯል። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው።

«ሂዲ! ሂዲ!»

አካሉ፣ ጉሙ ድምፁን አፍኖበት፣ «ሂድ» ያለ መሰለው። ነገሳ ከኋላ አይቶ ካሳለፈው ምን ቀረ?

«በል ሂድ፣ ተፈቅዶልሃል» ብሎ በሩን ለቀቀለት።

ነገሳ ከቋጥኙ ወርዶ እየሮጠ አለፈው። ሰውየው ላይ ባሩድ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስበት፣ አካሉ ገና «ምነው? ምን ሆነ?» እያለ ነበር። ከዚያ ምድር ጮኸች።

አለቃው ሰውየውን ማን እንዳሳለፈው ገና ሳያጣራ ሙታኑን ሲያስለቅም፣ አካሉ መርዶውን ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ቁልቁል ወደ የካ ሮጠ። ዲንቄ ገና ፊቱን ስታይ «ወንድሜስ?» አለች። ነገራት።

«እሱ ራሱ ነው ‹ሂድ› ያለኝ፤ በእመቤቴ!»

«በአማርኛ ነው?»

«እኔ እንጃ... ሂዲ፣ ሂዲ አለኝ።»

ዲንቄ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሂዲ ማለት እሰር ማለት ነው። እሰረው ሲልህ ነው የለቀቅኸው?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የጆሮውስ በምን ይታሻል?

ለቅሶው ላይ፣ አካሉ ጠፍር ይዞ መጣና ለቀስተኛው መሃል ተንበረከከ። እጆቹን አጣምሮ ዘረጋላትና ከጎረቤት ለምኖ ያጠናውን፣ «ና ሂዲ» አላት። እሰሪኝ ማለቱ ነው። ካገባት ጀምሮ በቋንቋዋ ሲያናግራት ይህ የመጀመሪያው ነው። አስራ ለዳኛ ብትሰጠው፣ ብታስገድለውም፣ ለሱ እፎይታ ነበር።

ዲንቄ ጠፍሩን አልነካችውም። ቀና ብላ አየችውና፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«ሂድ» አለችው።

ይህችንስ በደንብ ሰማት።