የሰርጉ በርሜል

«መርዙ ያለው በርሜሉ ውስጥ ሳይሆን አንቺ አፍ ውስጥ ነው» አሉኝ የሙሽራዋ እናት፣ ፊት ለፊት።

ከውጫሌ ወጣ ብሎ፣ መንደራችን ጫፍ ላይ፣ ድሮ የፀረ-ተባይ ኬሚካል የሚከማችበት፣ አሁን ጣሪያው የተገነጠለ መጋዘን አለ። ኬሚካሉ በሰው ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ሊያጠኑ የመጡት ባለሙያዎች አፈር ሲዝቁ፣ ውኃ ሲቀዱ ሰነበቱ። እኔን ቤት ለቤት እየዞርኩ እንድጠይቅ ቀጠሩኝ። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ቤት መቀመጥ ሊገድለኝ ስለነበር በደስታ ዘለልኩ። አሠልጣኛችን ደጋግማ የነገረችን አንድ ነገር ነው፦ መርዙ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በየት በኩል ሰው ጋ እንደሚደርስ ፈልጉ።

እሱን ደግሞ የሙሽራዋ እናት ጓዳ ውስጥ ተገትሮ አገኘሁት፦ ሰማያዊ በርሜል፣ ጎኑ ላይ የራስ ቅል ሥዕል፣ ከተቆላ ገብስ በሚጠመቀው የሰርግ መጠጥ፣ በቀሪቦ፣ እስከ አፉ የተሞላ።

«ከመጋዘኑ ነው የመጣው፣ እትዬ?»

«ታዲያስ? ስንቱን ሰርግ አሳልፏል። በግራዋ ፈትጌ በወይራ አጥኜዋለሁ። ግራዋን የሚችል መርዝ አለ?»

«ግራዋ የሚያጸዳው ጋን ነው። ይሄ መርዝ ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጓል።»

«አንቺስ በእህትሽ ሰርግ ከዚሁ አይደል የጠጣሽው? ያውም እየደጋገምሽ።»

እውነት ነው። ጣዕሙ ልዩ ነው ብዬ አመስግኜም ነበር። ሳቄ መጣ፤ አልቆም አለኝ።

ሙሽራዋ፣ የክፍሌ ልጅ፣ ሂናዋ እንዳይነካባት ጣቶቿን ዘርግታ ገባች። «እማ፣ ሥዕሉን አላየሽውም?»

«አይቻለሁ። የባለ ፋብሪካው ፎቶ መስሎኝ።»

እሷም ከእኔ ብሳ ሳቀች። እናትየው ግን ቁጭ አሉ። «ወላሂ፣ ቀሪቦ የሌለው ሰርግ ደግሼ ሰው ፊት አልቆምም።»

«እኛ ቤት ጋን አለ» አልኳቸው። «ገብሱን ዛሬ ከቆላን ለሰርጉ ይደርሳል።»

«እናትሽ ጋኗን ትሰጣለች?»

«እኔንም ጨምራ ነው የምትሰጥዎት፣ ከቤት ብቻ ልውጣላት።»

ይኼኔ ሳቃቸው አመለጣቸው። ገብሱን ሊያወርዱ ተነሡ።

ቀሪቦውን የትም መድፋት ክልክል ስለሆነ ለባለሙያዎቹ ላስረክበው ክዳኑን ጠርቅመን፣ ከጠራነው ባጃጅ ሾፌር ጋር ተጋግዘን በርሜሉን ጫንነው። ሙሽራዋ እጇን እንደዘረጋች እልል አለች፤ ጎረቤቶች የሙሽራ መሸኛ ዘፈኑን ተቀበሏት። እናትየው ጎንበስ ብለው ወደ ባጃጁ አዩ።

«አደራ፣ በእርጋታ ንዱት። ስንት ሰው የዳረ ነው።»

ጓንቴን አጠለቅኩ፣ በርሜሉን አቀፍኩ፣ ባጃጁም ወደ ውጫሌ ይዞን ወረደ።